አምስት ጣት፣ አምስት ሰው

ጠዋት የክፍሉ በር ሲከፈት ልጆቹ ቦርሳቸውን እንኳ ሳያወርዱ የሚሮጡት ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ካርቶን ነው። ካርቶኑ ላይ በማርከር የተሳሉ አምስት ፊቶች አሉ፤ የሚስቅ፣ የሚያለቅስ፣ የተቆጣ፣ የፈራ፣ አምስተኛው ደግሞ አፉን ግጥም አድርጎ ዝም ያለ። ከካርቶኑ ሥር በተወጠረው ሲባጎ ላይ የልብስ መቆንጠጫዎች ተሰክተዋል። በእያንዳንዱ መቆንጠጫ ላይ የአንድ ልጅ ስም ተጽፏል፤ ስሙን ገና ማንበብ ያልቻለ በቀለሙ ይለየዋል። ልጁ የራሱን ያነሳና ዛሬ እሱን የሚመስለው ፊት ላይ ይሰካል፤ ከዚያ ቦርሳውን ሰቅሎ ወደ ምንጣፉ ይሄዳል።

ቦታው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ኬጂ ነው። ልጆቹ አምስት ዓመት ገደማ ናቸው። መምህርቷን «ሚስ» ይሏታል። ስሟንም የትምህርት ቤቱንም ስም የማልጽፈው ልጆቹ እንዳይታወቁ ብዬ ነው።

አንድ ልጅ መቆንጠጫውን ዝም ያለው ፊት ላይ ሰካ። ሚስ አየችው፤ ወዲያው ግን አልጠየቀችውም። ሌሎቹ በእንጨት ኩብ ቤት መሥራት ሲጀምሩ አጠገቡ ሄዳ ቁጢጥ አለች።

«መቆንጠጫህን አየሁት።»

ዝም።

«ልትነግረኝ ከፈለግህ እዚሁ ነኝ።»

ትንሽ ቆየና «እማዬ ስትደውል ተቋረጠ» አለ። እናቱ ቤይሩት ናት። የሚኖረው ከአያቱ ጋር ነው።

«የት ጋ ነው የሚሰማህ?»

እጁን ሆዱ ላይ አደረገ። «ባር ባር ይለኛል።»

«እናት ስትናፍቅ ሆድ ባር ባር ይላል። ትልቅ ሰውንም ይለዋል» አለችው። ልጁ ቀና ብሎ አያትና ተነስቶ ወደ ኩቦቹ ሄደ። ከረሜላ አልተሰጠውም፤ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አልተባለም፤ እናትህ ነገ ትመጣለች ተብሎም አልተዋሸም።

ወደዚህ ክፍል የመጣሁት ሕፃናት ራሳቸውን ከጥቃት እንዲጠብቁ እንዴት እንደሚያስተምሯቸው ለማየት ነበር። መምህርቷ ስለ ሰውነት ከሚሰጠው ትምህርት በፊት ጠዋቱን እንድመለከት ጠየቀችኝ። ምክንያቷ ቀላል ነው፤ አሁን የእኔም እምነት ሆኗል። እርሳሱን ሲነጥቁት «ከፋኝ» ማለት ያልለመደ ልጅ ከዚያ እጅግ የከበደ ነገር ሲደርስበት ከየት አምጥቶ ይናገራል? «ከፋኝ» ብሎ የሚሰማው ያጣ ልጅም መናገር ከንቱ መሆኑን ቀድሞ ተምሯል። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ስሜትና ስለ ሰውነት ጥበቃ የሚሰጠው ትምህርት አብሮ የሚሄደው ለዚህ ነው። ሁለቱን ዘሎ ሦስተኛውን ብቻ ለማስተማር የሚሞክር ሰው ልጁን ቃል ያስጠናዋል እንጂ አያስናግረውም።

የጉዳዩ ክብደት በቁጥር ሲታይ ያስደነግጣል። ዩኒሴፍ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት ዛሬ በሕይወት ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች ከ370 ሚሊዮን የሚበልጡት፣ ማለትም ከ8 አንዷ፣ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ተደፍረዋል ወይም ሌላ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከሰሃራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል ቁጥሩ 79 ሚሊዮን ነው፤ ከ5 አንዷ በላይ ማለት ነው። ከወንዶችም ከ240 እስከ 310 ሚሊዮን የሚደርሱት፣ ከ11 አንዱ ገደማ፣ በልጅነታቸው ይኸው ደርሶባቸዋል። የወንዶቹን ቁጥር ሆን ብዬ ነው ያነሳሁት። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅን ስለመጠበቅ ቢያንስ በሹክሹክታ ይወራል። ስለ ወንድ ልጅ ግን የሚያስብ እንኳ ጥቂት ነው።

ስለ አደጋ ለልጆቻችን ምንም አንነግራቸውም ማለት አይደለም። ከማታውቀው ሰው ከረሜላ እንዳትቀበል እንላለን። ሲመሽ አያ ጅቦ ይመጣል እንላለን። የነገርናቸው አደጋ በሙሉ ግን ከአጥር ውጭ ያለ ነው። ጥናቶች በየአገሩ ደጋግመው ያረጋገጡት ደግሞ ልጅን የሚያጠቃው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀው፣ የሚያምነው፣ ቤተሰቡም በሩን የከፈተለት ሰው መሆኑን ነው። በእኛ አኗኗር ሲታሰብ የአጎት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ግቢ ውስጥ ያለ ተከራይ፣ አስጠኚ፣ የሰርቪስ ረዳት፣ ወይም በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ ይዞ የሚመጣ የቤተሰብ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። አያ ጅቦን የፈራ ልጅ ለእንደዚህ ያለ ሰው የተማረው መልስ የለውም። የተማረው መታዘዝን ነው።

ስለ መታዘዝ ትንሽ ልበል። ጨዋ ልጅ ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ አይገባም፤ ና ሲሉት ይመጣል፤ ሳም ሲሉት ይስማል። ያደግሁበት አስተዳደግ ስለሆነ አልንቀውም፤ ታላቁን የሚያከብር ልጅ ሳይ ደስ ይለኛል። ክፉ ሰው ግን የሚተማመነው በዚሁ መታዘዝ ነው። ስለዚህ መከባበሩን ሳናፈርስ አንድ ፈቃድ ብቻ ልንጨምርበት ይገባል፤ ልጁ የማይመቸውን ንክኪ እንቢ እንዲልና ለሌላ ትልቅ ሰው እንዲናገር የሚያደርግ ፈቃድ። በዚህ ክፍል ውስጥ ጉዳዩን የፈቱት ከባህላችን ሳይወጡ ነው። ለእንግዳ ሰላምታ መስጠት ግዴታ ነው፤ መሳም ግን ምርጫ ነው። መሳም ያልፈለገ ልጅ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። እንግዳው ተከብሯል፤ ልጁም ሰውነቱን ያለፈቃዱ አልሰጠም። አያቶች ይህን ሲሰሙ ወደዱት፤ የጥንት ሰው ሰላምታ ነውና።

የቤተሰብ ትምህርቱ የሚጀምረው በሥዕል ነው። «ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ሳሉልኝ» ትላለች ሚስ። እናትና አባት ያለበት ቤት ብቻ ሳሉ አትልም። በቀድሞ የመማሪያ መጻሕፍት ላይ ያየናት ቤተሰብ፣ አባት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እናት ቡና እያፈላች፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ ጎን ለጎን፣ ዛሬ ከክፍሉ ልጆች የጥቂቶቹ ቤት ናት። ሌሎቹ ከአያት ጋር፣ ከአክስት ጋር፣ ከእናት ጋር ብቻ፣ ከእንጀራ አባት ጋር ያድጋሉ። እናቶቻቸው ጅዳ፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት ሆነው ድምፃቸውን በስልክ ብቻ የሚያውቁ አሉ። በጉዲፈቻ ያደጉም አሉ። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር እንዳይሄዱ ከከለከለች ወዲህ አሳዳጊ ያጣ ልጅ ቤተሰብ የሚያገኘው እዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ስለ ቤተሰብ ትምህርት ሲሰጥ አንገቱን መድፋት የለበትም።

አንዲት ልጅ እናቷን፣ ታናሽ ወንድሟንና ነጠላ የለበሱ አሮጊት ሳለች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ አንገቱን አስግጎ አየና «እማማ እኮ ጎረቤት ናቸው፤ ዘመድሽ አይደሉም» አላት። ልጅቷ ላጲስ ልታነሳ ስትል ሚስ ደረሰች።

«እማዬ ሥራ ስትሄድ ምሳ የሚያበላሽ ማነው?»

«እማማ።»

«ስትተኚስ ማን ያለብስሻል?»

«እማማ።»

«እንግዲያው እዚህ ወረቀት ላይ ቦታ አላቸው» አለችና ላጲሱን መለሰች።

ይህ ከደኅንነት ትምህርት ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ሁለት ነገር ያገናኘዋል። አንደኛ፣ መምህርቷ በልጅቷ ዙሪያ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሚያጥባት፣ ማን እንደሚያስተኛት ታውቃለች። ሁለተኛው ይበልጣል። በቤቱ የሚያፍር ልጅ ስለ ቤቱ አያወራም። አባት የለህም ተብሎ የተሳቀበት ልጅ የእንጀራ አባቱ ሌሊት የሚያደርገውን ለማንም አይናገርም። ቤቱ እንደማንኛውም ቤት ተቆጥሮ ግድግዳው ላይ የተለጠፈለት ልጅ ግን ከቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ለመናገር በር ተከፍቶለታል።

ከሥዕሉ ቀጥሎ የሚመጣው የእጅ ሥራ ከትምህርቱ ሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ነው። ልጁ እጁን ወረቀት ላይ ዘርግቶ በእርሳስ ዙሪያውን ያሰምራል። ከዚያ በእያንዳንዱ ጣት ላይ አንድ ትልቅ ሰው ይሰየማል፤ የሚያስፈራ፣ የሚያሳፍር ወይም ግራ የሚያጋባ ነገር ሲደርስበት የሚነግረው ሰው። ሚስ አንድ ሕግ ታክልበታለች፤ ከአምስቱ ሁለቱ እቤት ውስጥ የማይኖሩ መሆን አለባቸው። ምክንያቱን ለልጆቹ አታብራራም፤ ለወላጆቹ ግን ትነግራቸዋለች። አንዱ ጣት ቢከዳ አራቱ ይቀራሉ። አንዱ ባይሰማ፣ ቢቸኩል ወይም «ሂድ ወዲያ፣ ውሸታም» ቢል፣ ወደሚቀጥለው ጣት ይኬዳል፤ አንድ ሰው እስኪሰማ ድረስ።

«እናቴ፣ አያቴ፣ ሚስ» እያሉ ይጀምራሉ። አራተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ይከብዳቸዋል። አንዱ ልጅ ውሻውን ጠራ። ሚስ አልሳቀችበትም። «ውሻህን ማቀፍ ትችላለህ፤ ደስ ይላል። ግን ሄዶ ለሰው ይነግርልሃል?» ልጁ አሰበና ውሻውን በአክስቱ ቀየረ፤ ውሻውን ግን መዳፉ መሃል ላይ ሳለው።

ወረቀቱ ተሰቅሎ የሚቀር አይደለም። ስማቸው የተጻፈው አዋቂዎች በሙሉ ይነገራቸዋል። ሦስት ልጆች የግቢውን ዘበኛ ጣታቸው ላይ አስቀምጠውት ነበር። ሚስ ጠርታ ስትነግረው ካፖርቱን እየቆለፈ በሩ ላይ ቆመና «እኔን? እኔ ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ። ሦስት ነገር ነገረችው። ልጁ ሲናገር አትቆጣ፣ አልመሰለኝም አትበል፣ ለእኔ ወይም ለርዕሰ መምህርቷ በዚያው ቀን ንገር። ሰውየው ሦስቱንም ደግሞ ከነገራት በኋላ ወጣ። በማግሥቱ ጠዋት እነዚያን ሦስት ልጆች በየስማቸው ሲጠራቸው ሰማሁት።

የሰውነት ትምህርቱ የሚሰጠው በአሻንጉሊት ነው። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ይቀርባል፤ ልጆቹ በየተራ አሻንጉሊቷን ያጥባሉ፤ እያጠቡ የሰውነት ክፍሎችን ይጠራሉ። ራስ፣ አንገት፣ ደረት፣ እምብርት፣ ብልት፣ መቀመጫ፣ ጉልበት። ሚስ ብልት ላይ ድምፅዋን አትቀንስም፤ አትፈጥንም። ልጆቹ የመጀመሪያ ቀን ይስቃሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ከጉልበት አይለዩትም። ብዙ ቤት ውስጥ ይህ የሰውነት ክፍል «እንትን» ነው። «እንትኔን ነካኝ» የሚል ልጅ ግን ከአሻንጉሊቱ ይሁን ከሰውነቱ ማን ያውቅለታል? ሐኪምም ፖሊስም ዳኛም የሚረዱት ልጁ በትክክል ሲናገር ነው።

ከዚያ አሻንጉሊቷ የውስጥ ሱሪዋን ትለብሳለች። በውስጥ ሱሪ የሚሸፈነውን የልጅ ሰውነት ማንም አይነካም፤ ልጁም የሌላውን አይነካም። ይህ ሕግ በአውሮፓ በሰፊው የታወቀው የአውሮፓ ምክር ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. በጀመረው ዘመቻ ነው። ዘመቻው «ኪኮ እና እጁ» የተባለች የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍም ነበረው። ሕጉ አጭር ስለሆነ የአራት ዓመት ልጅ ይይዘዋል። የሚቀረውን ማሟላት የመምህሩ ፋንታ ነው። ለማጠብና ለማጽዳት እናት ወይም ሞግዚት ትነካለች። ሐኪም ሊያይ ይችላል፤ ያኔም እናት ወይም አባት እዚያው ይቆማሉ። ደግሞም ሌላ ሰው የራሱን እንዲነኩለት ወይም እንዲያዩለት ቢጠይቅ፣ ስልክ ላይ ሥዕል ቢያሳያቸው፣ ፎቶ ላንሳችሁ ቢላቸው ያው ክልክል ነው። የስልኩ ነገር ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአምስት ዓመት ልጅ የሚነገር አልነበረም፤ ዛሬ የማይነገርበት ሰበብ የለም።

ምስጢርን ማስተማር ከሁሉ ይከብዳል። አጥቂ ልጁን የሚያስረው በአብዛኛው በጉልበት ሳይሆን «ይሄ የእኔና ያንተ ምስጢር ነው» በሚል ቃል ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ የቤት ገመና እንዳይወጣ ተብለው ያደጉ ናቸው። ሚስ ሁለት ሣጥኖች ታመጣለች። አንዱ ውስጥ ለእናት ልደት የተደበቀ ስጦታ አለ፤ ይህ ምስጢር ቀኑ ሲደርስ ይወጣል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሌላው ሣጥን ባዶ ነው። «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ከተናገርሽ እናትሽ ትሞታለች» የሚል ሰው የሰጣቸው ምስጢር እዚህ እንደሚገባ ትነግራቸዋለች። ይህን ሣጥን ግን አንዘጋውም፤ ለጣታችን ሰው እንሰጠዋለን። «ሆዳችሁን ባር ባር ካሰኛችሁ ምስጢር አይደለም» ትላቸዋለች። ጠዋት ጠዋት ሆዳቸውን እንዲያዳምጡ ያስለመደቻቸው ለዚህ ነበር።

ከባድ ነገር በተረት ሲመጣ ልጅ ሳይፈራ ይሰማል። ይህን አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረው አሳይተውናል። ከእሳቸው በኋላም መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘውን ዝግጅት ስትፈጥር የመረጠችው የአሻንጉሊት ቀጭኔ ነው። የክፍሉ ተረት ስለ አንዲት ግልገል ነው። ግልገሏን የሚያስፈራት በግቢው ውስጥ የሚኖር ትልቅ በግ ነው፤ ተኩላ የለበትም። ሚስ በጉን የመረጠችው አውቃ ነው። ግልገሏ ለዶሮ ትነግራለች፤ ዶሮ ጥሬ እየለቀመች አትሰማም። ለአህያ ትነግራለች፤ አህያ «በግማ ጥሩ ነው» ይላል። ለላም ስትነግር ላሟ ሣሩን ትታ ተነሳች። ልጆቹ እዚህ ጋ ሲደርሱ ያጨበጭባሉ።

ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ነበር። አንድ አባት እጁን አወጣና በትህትና ግን በቁጣ ተናገረ፤ «ልጄ ገና አምስት ዓመቷ ነው። ያላሰበችውን ለምን ታሳስቧታላችሁ?» አዳራሹ ውስጥ ራሱን የነቀነቀ ብዙ ነበር። የዚህን አባት ፍርሃት ማጣጣል አይገባም፤ የልጁን ንጽህና ለመጠበቅ ነው የተነሳው። መምህርቷ የትምህርቱን ደብተር አምጥታ እያንዳንዱን ገጽ አነበበችላቸው። ስለ ወሲብ አንዲት ቃል የለበትም። ያለው የሰውነት ክፍል ስም፣ የውስጥ ሱሪው ሕግ፣ ሁለቱ ሣጥኖችና አምስቱ ጣቶች ነው።

ከደብተሩ ሌላ ማስረጃም አለ። ኮክሬን የተባለው የሕክምናና የማኅበራዊ ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ በትምህርት ቤት የሚሰጡ እንዲህ ያሉ ትምህርቶችን የፈተሹ 24 ጥናቶችን መዝኗል፤ በድምሩ 5802 ልጆች ተሳትፈውባቸዋል። የተማሩት ልጆች ካልተማሩት የበለጠ ያውቃሉ፤ በሙከራ ሲፈተኑም ራሳቸውን የመጠበቅ ዝንባሌያቸው ይበልጣል። ጭንቀታቸውና ፍርሃታቸው የጨመረ ለመሆኑ ግን ማስረጃ አልተገኘም። ለአባትየው ጥያቄ የማውቀው የተሻለ መልስ ይህ ነው። ያው ግምገማ ሌላም ነገር ይናገራል፤ ትምህርቱ ጥቃቱን በራሱ ስለመቀነሱ የተረጋገጠ ነገር የለም። ጥናቶቹ ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከቻይና፣ ከጀርመን፣ ከስፔን፣ ከታይዋንና ከቱርክ ናቸው፤ አንድም የአፍሪካ አገር የለባቸውም።  ስለዚህ ልጁን አስተምረነዋልና ተጠብቋል ብሎ የሚተኛ ወላጅ ተሳስቷል። የሃያ ኪሎ ልጅ የሰባ ኪሎ ሰው አይገፋም። የመጠበቁ ኃላፊነት የእኛ ነው፤ ልጁን የምናስተምረው ቶሎ እንዲነግረን ነው።

ከስብሰባው የማልረሳው ግን ቁጥሩን አይደለም። ከኋላ ወንበር ላይ የነበሩ አንዲት አያት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «በእኛም ጊዜ ነበር» አሉ፤ «የማይወራ ሆኖ ነው እንጂ።» ተቀመጡ። ማንም ምንም አላለም። አባትየውም ደብተሩን ተቀብሎ ገልጦ ማንበብ ጀመረ።

ልጅ የተናገረ ዕለት የሚሆነው ነው ወሳኙ። በየቤቱ የመጀመሪያው ቃል «ምን ልታደርጊ ሄድሽ?» ነው፤ ሁለተኛው ጥፊ ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ዱላው ግን ብዙ ቦታ አልቀረም፤ ቤት ውስጥማ አይወራም። ብርጭቆ ሰበርኩ ብሎ በእውነቱ የተገረፈ ልጅ ይህን የመሰለ እውነት ይዞ ወደ ገራፊው አይመጣም። ልጆቻችን እንዲናገሩ ከፈለግን እውነት የተናገረን ልጅ መምታት ዛሬውኑ መቆም አለበት። በዚህ ላይ ምንም መሃል መንገድ አይታየኝም።

ልጁ ሲናገር የሚያስፈልገው ጥቂት ነገር ነው። «ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ማለት። ደጋግሞ ምርመራ አለማካሄድ፤ ጥያቄው በበዛ ቁጥር ልጁ እኛን ለማስደሰት መልስ መፍጠር ይጀምራል። ለማንም አልናገርም ብሎ አለመማል። ጥቃቱ በቅርብ የደረሰ ከሆነ ልጁን አለማጠብ፣ ልብሱን አለማጠብ፣ በወረቀት ከረጢት አድርጎ መያዝ። ሰዓቱም አይጠብቅም፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተጠቁ ሴቶችና ሕፃናት ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ። ማዕከሉ የተቋቋመው ልጁ ያንኑ ታሪክ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ እንዳይናገር ነው። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም ለሕፃናት ምቹ የሆነ ችሎት አለ፤ ልጁ ሌላ ክፍል ሆኖ ከባለሙያ ጋር ይነጋገራል፤ ዳኞቹ በካሜራ ያዩታል፤ ተከሳሹን ፊት ለፊት አያየውም።

ይህ ሁሉ ባለበት ብዙ ጉዳይ ወደዚያ አይደርስም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ይላካል፤ «የልጅቷ ስም እንዳይጠፋ» ይባላል፤ ካሣ ተቆርጦ ይታረቃሉ። ሽምግልና ስንት ደም ያደረቀ፣ ስንት ትዳር ያቆመ ትልቅ ሀብታችን ነው። በሕፃን ላይ የተፈጸመ ጥቃት ግን የሚታረቁበት ጠብ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 627 ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚፈጸምን ወሲባዊ ጥቃት ለብቻው ለይቶ በጽኑ እስራት ይቀጣል። በእርቁ ላይ ሁሉም ሰው ድርሻ ሲኖረው የልጅቷን ድምፅ የሚጠይቅ የለም። አጥቂውም በሚቀጥለው በዓል እዚያው ቤት ይመጣል፤ እሷም ተነስታ ሰላም በይው ትባላለች።

ትምህርት ቤቱ ራሱን ሳይጠይቅ ልጆችን ብቻ ቢያስተምር ከንቱ ነው። እዚህ ኬጂ የመጸዳጃ ቤቱ በር ከታችና ከላይ ክፍት ሆኖ ተሠርቷል። ሰርቪሱ ውስጥ ከሹፌሩ ሌላ አንዲት ሴት አስተባባሪ እስከ መጨረሻው ልጅ ድረስ ትሄዳለች። ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይሆንም፤ ርዕሰ መምህርቷም ብትሆን። ልጅ በሚወስደው ሰው ስም ዝርዝር ላይ የሌለ ሰው፣ አጎት ነኝ ቢልም፣ ወላጅ ሳይደወልለት አይሰጠውም። ወላጆች ኬጂ ሲመርጡ እንግሊዝኛው እንዴት ነው ብለው እንደሚጠይቁት ሁሉ እነዚህን ቢጠይቁ ብዙ ትምህርት ቤት ይታረም ነበር።

ከሁሉ የከነከነኝ በሩ ላይ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ልጆቹን ሊወስዱ ከሚመጡት መካከል ራሳቸው ልጆች የሆኑ የቤት ሠራተኞች አሉ። ከአንዷ ጋር አወራሁ፤ 13 ዓመቷ ነው። ከገጠር ያመጣቻት የሩቅ ዘመድ ናት። የምትወስደውን ልጅ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ትለዋለች፤ እሱም አምስቱን ጣት ያሳያታል። «አንቺስ ለማን ትነግሪያለሽ?» ሲላት «እኔ ትልቅ ነኝ» አለችው። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዕድሜው 15 ያልሞላን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ግን ወደፊት ለሚወጣ ደንብ ትቶታል። በ1982 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ሕፃን የሚለው 18 ዓመት ያልሞላውን ሁሉ ነው፤ እሷም ሕፃን ናት። የምትተኛው ሳሎን ውስጥ ወይም ማድ ቤት ነው፤ የሚቆለፍ በር የላትም። በዚህች ከተማ ይህን ትምህርት ከእሷ አብልጦ የሚያስፈልገው ልጅ ካለ ማን እንደሆነ አላውቅም።

ሚስ ይህን ካየች ቆይታለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ባዶ ስለሚሆን እነዚህን ልጃገረዶች ለአንድ ሰዓት እየሰበሰበች ልታስተምር ርዕሰ መምህርቷን አስፈቅዳለች፤ የማታ ትምህርት የሚመዘገቡበትንም መንገድ ልታሳያቸው አስባለች። ስልክ እየደወለች አሠሪዎቹን መጠየቅ ጀምራለች። ሁለቱ እሺ ብለዋል፤ አንዷ እንዲያውም ሻይና ዳቦ እልካለሁ ብላለች። የ13 ዓመቷ ልጅ አሠሪ ግን ሐሙስ የእንጀራ ቀን ስለሆነ እንደማይመች ተናግራለች። ሚስ ቀኑን ወደ ማክሰኞ ልታዞረው እየሞከረች ነው።